ሃያ አራተኛ

በጋውን በሙሉ ሱፍ ሲያሽግ ከርሞ፣
ከአፉላ ገበያ ጥግ ፀሐይ ላይ ቆሞ፣
ያሪቭ አዲሱን ገዝቶ ገባ እየሮጠ፤
ጫማውን ሳያወልቅ ወለል ላይ ተቀመጠ።

«እማ፣ ነይ ተመልከች፣ ይሄኛው ሌላ ነው፤
የድሮው ዐሥራ ሁለት፣ የአሁኑ እጥፉ ነው።
ሃያ አራት መኪና ባንዴ ሲነሣ
የተነካ ቀፎ ነው፣ ግፊያው አበሳ።
ዝናብ ይዘንብበታል፣ ይመሻል፣ ይነጋል፣
ሐዲድ ላይ ይነዳል፣ ግንብ ላይ ያስኬዳል፤
ገደል ብትገቢ ይቺን ስትጫኚ
ጊዜ ወደ ኋላ፣ ካፋፉ ትገኚ።»

አባቴ አድማሱ ከሶፋው ተጣብቆ
ሲያይ ሲያይ ቆየና መነጽሩን አውልቆ፣
«ማነው ያሳደዳቸው?» አለ።
ልጄ ሳቀ። «ማንም።»
«ያለ አሳዳጅማ ሰው እንዲህ አይሮጥም።
ያሸነፈስ» አለ፣ «ምንድነው እሚያገኘው?»
«ዋንጫ።» «የሚጠጣበት?» «አይ፣ ዝም ብሎ እሚያየው።»

«እዚህ ሜዳ ላይ ነው» አለ ወደ መስኮት ዞሮ፣
«የብረት ሰረገላ ጭቃ የያዘው ድሮ።
ዝናብ ነው ያሸነፈ።»
«ጭቃማ እዚህም አለ፣
አዲስ የገባ ነው» አለ ልጄ፣ እየቸኮለ።

እኔ የሰባት ቁጥር አውቶቡስ ነጂ ነኝ።
ከጣቢያ ወደ ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ወደ ጣቢያ፤
ሠላሳ አንድ ፌርማታ።
ሦስት ደቂቃ ካረፈድኩ ስልኬ ይጮኻል፣
ሁለት ከቀደምኩም ስልኬ ይጮኻል።
ቀን ሙሉ ዞሬ ዞሬ ከተነሣሁበት ነው የምወርደው፤
ለዚህ ዋንጫ ቢኖር ቁም ሣጥኔ ባልበቃው።

«ያዥ» አለኝ። ያዝኩለት።
ሁሉም ተፈተለከ።
እኔም ትንሽ ነዳሁ፤
ከዛፍ ሥር ጥላና አንድ አግዳሚ ወንበር አየሁ፣
ፍሬን ያዝኩ፣ ቆምኩ።
«እማ! ምን ሆነሻል?»
«ሰው ካለ ብዬ ነው።»
አውራ ጣቴ የበሩን መክፈቻ ፈለገ፤
ከዚያ ሁሉ ቁልፍ አንዱም በር አይከፍትም።
ዳክዬዋ በሐብሐብ ቅርፊት፣ ግመሉ በመታጠቢያ ገንዳ፣
ሃያ ሦስቱም አለፉኝ።
«ሃያ አራተኛ ነሽ» አለ፣
ሐኪም ውጤት እንደሚናገር ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ግን ዋናው አዲስ ነገር ለካ ሌላ ኖሯል፦
ድሮ ከመንገድ ስትወጪ ፊሽካ ይነፋል፣
አንጠልጥሎ የሚመልስ አንድ እጅ ይመጣል።
አሁን እጁም የለም፤ አጥሩም ተነሥቷል፤
ከውድድሩ ውጭ ሙሉ አገር ተሠርቷል።

መሪውን ጠመዘዝኩ። የሱፍ ማሳ ገባሁ፣
አበቦቹ ፊታቸውን ሲያዞሩ አየሁ።
ላም አገኘሁ፣ ቆምኩላት፤ እስክትሻገር ጠበቅሁ።
ኩሬ ውስጥ ስሰምጥ
ልጄ ጣቱን ወደዚያች ቁልፍ ላከ፤ እጁን ያዝኩት።
ልየው ሥሩን።
አንድ ሳንቲምና ግራ እግር ጫማ ነበረ።

«ውድድሩ በዚያ ነው፣ ወዴት ነው የምትሄጂው?»
«ማለቂያው የት እንደሁ ልይ።»
«ማለቂያ የለውም።»
አባቴ ከሶፋው፣ «ተዋት፣ ትሂድ» አለ፣
«እሷን ማንም አላሳደዳትም።»

ገና ሳይነጋ፣ የመጀመሪያው ዙር።
ከከተማው ጫፍ ያለው አደባባይ፣
ሰባት ቁጥር ሁልጊዜ የሚመለስበት፤
ከሱ ወዲያ ሜዳው፣ ከሜዳው ወዲያ ጊልቦዓ ጭጋግ ለብሶ።
ዞርኩ። መውጫዬን አለፍኩት።
እንደገና ዞርኩ።
ከኋላ መሱዳ፣ ባለጎማ ዘንቢሏን በጉልበቷ ደግፋ፣
«መንገዱ ጠፋሽ እንዴ?» አለችኝ።
«አይ» አልኳት በመስታወቱ፣
«አዲሱን እየለመድኩ ነው።»

ስልኬ መጮህ ጀመረ።